መምህሩ ዝም ያለበት ሁለት ደቂቃ

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበሩት የሆላንዱ ተወላጅ ኤሪክ ማዙር፣ ወንበራቸውን ከያዙ ስድስት ዓመት ያህል ሆኗቸው፣ ተማሪዎቻቸው ምስጋና የሚያዘንሙላቸው፣ ፈተናቸውንም አብዛኞቹ በደኅና ውጤት የሚያልፉላቸው ሰው ስለ ነበሩ፣ መልካም መምህር ለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚያሻ አይመስላቸውም ነበር። በዚያው ዓመት ግን ኢብራሂም ሀሉንና ዴቪድ ሄስቴንስ የተባሉ ሁለት ምሁራን በአሪዞና የጻፉት ጥናት እጃቸው ገባ። የጥናቱ ቃል አጭርና መራራ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ተከታትለው ያለፉ ተማሪዎች ስለ ኃይልና ስለ እንቅስቃሴ ያላቸው እምነት፣ ትምህርቱን ከመጀመራቸው አስቀድሞ ከነበራቸው እምብዛም አይለይም የሚል ነው።

ማዙር ይህ የሌላ ሰው ተማሪ ነገር እንጂ የእኔን ተማሪዎች የሚነካ አይደለም ብለው፣ እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች ለራሳቸው ተማሪዎች አቀረቡ። ጥያቄዎቹ ስሌት የማይሹ፣ ለሐርቫርድ ተማሪ ማቅረቡ ራሱ የሚያሳፍር የሚመስሉ ነበሩ። አንድ ከባድ የጭነት መኪና ከአንዲት ትንሽ የቤት መኪና ጋር ፊት ለፊት ቢጋጭ፣ አንዱ በሌላው ላይ ከሚያሳርፈው ኃይል የማን ይበልጣል? የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በቃሉ የሚወጣ ሁሉ ሁለቱ ኃይሎች እኩል መሆናቸውን ማወቅ በተገባው ነበር። ወረቀቱ በታደለ ጊዜ ግን አንዲት ተማሪ፣ እርስዎ እንዳስተማሩን ልመልስ ወይስ እኔ ስለ እነዚህ ነገሮች እንደማስበው ስትል ጠየቀቻቸው።

ይህን ታሪክ ማዙር ከዚያ ወዲህ በየጉባኤው ሲተርኩት ኖረዋል፤ መተረክም ይገባዋል። ተማሪዋ ሌሎቹ ያልደፈሩትን ተናገረች እንጂ ከሌሎቹ የባሰች አልነበረችም። ከትምህርት ቤት የተገኘው እህል ለፈተና ቀን በአንድ ጎተራ ተከቶ ይቀመጣል፤ ሰውየው ዕለት ዕለት የሚመገበው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ከሞላው ከሌላው ጎተራ ነው፤ መምህሩም የመጀመሪያውን ጎተራ ብቻ እየከፈተ ሲያይ፣ ሙሉ ሆኖ ስለሚያገኘው ደስ ብሎት ይኖራል። ማዙር ነገሩን ለመመርመር በአንድ ፈተና ላይ ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት ሁለት ጥያቄ አዛምደው አወጡ፤ አንዱ ረጅም ስሌት የሚጠይቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ማብሪያ ቢዘጋ የትኛው አምፑል ይደምቃል፣ የትኛው ይደበዝዛል ብሎ የሚጠይቅ ነበር። ስሌቱን አሳምረው የሠሩት ተማሪዎች ከአምፑሉ ዘንድ ሲደርሱ ተሰናከሉ።

ወሳኙ ሰዓት የመጣው የጥያቄዎቹን መልስ ለተማሪዎቹ ለማስረዳት በሞከሩበት ዕለት ነው። የጭነት መኪናውንና የትንሿን መኪና ነገር በሰሌዳ ላይ ሥለው አስረዱ፤ የተማሪዎቹ ፊት ግን አልፈካም። ሁለተኛም በሌላ መንገድ አስረዱ፤ ያም አልሆነ። የሚጨምሩት ቃል ባለቀባቸው ጊዜ፣ በብልሃት ሳይሆን ተስፋ በመቊረጥ፣ እስኪ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩበት አሏቸው። ያን ጊዜ ጸጥ ብሎ የነበረው አዳራሽ በአንድ አፍታ እንደ ገበያ ተናወጠ፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ የፊቱ ከኋላው ጋር ይከራከር ጀመር፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥም መምህሩ ሁለት ጊዜ አስረድተው ያልሆነላቸውን ነገር ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተረዳዱት።

ማዙር ራሳቸው ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ቀላል ነው። ነገሩን አሁን የተረዳው ተማሪ፣ ትናንት ወይም ከአምስት ደቂቃ በፊት የተሰናከለበትን ድንጋይ ገና አልረሳውም፤ ስለዚህ ጓደኛው የቆመበትን ስፍራ ያውቀዋል። መምህሩ ግን ከዚያ ስፍራ ካለፈ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፣ አለማወቅ ምን ይመስል እንደ ነበር ራሱን ሊያስታውስ አይችልም። ዕውቀቱ እየጠለቀ በሄደ ቊጥር የጀማሪው ችግር ይሰወርበታል። የሊቅነት አንዱ ዕዳ ይህ ነው፤ ብዙ ሊቃውንትም ሳያውቁት ይከፍሉታል።

ከዚህ አጋጣሚ የተወለደው የማስተማር ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1997 በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። አካሄዱ ይህ ነው። ተማሪዎች ወደ ክፍል ከመምጣታቸው አስቀድሞ ምዕራፉን ያነባሉ። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ ይናገርና አንድ ጥያቄ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ለብቻው አስቦ መልሱን ያሳያል። ትክክል የመለሱት ከመቶ ከ30 ያነሱ እንደ ሆነ ነገሩ ገና አልበሰለምና መምህሩ ተመልሶ ያስረዳል፤ ከመቶ ከ70 የበለጡ እንደ ሆነ አጭር ማብራሪያ ሰጥቶ ያልፋል፤ በመካከል የሆነ እንደ ሆነ ግን፣ የተለየ መልስ ያለው ጎረቤት ፈልጋችሁ አሳምኑት ብሎ ዝም ይላል። ከዚያም ሁለተኛ ያስመልሳል፤ ምክንያቱንም በመጨረሻ ይገልጣል።

እዚህ ላይ አንባቢውም ራሱን ይፈትን። ማዙር ይህን ነገር ለመምህራን ጉባኤ ሲያሳዩ ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ በመካከሉ ክብ ቀዳዳ ያለበት ጠፍጣፋ ብረት እኩል ቢሞቅ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ወይስ እንዳለ ይቀራል የሚል ነው። ብዙ ሰው፣ ብረት ሲሞቅ እንደሚሰፋ ስለሚያውቅ፣ ብረቱ ወደ ውስጥም ይሰፋና ቀዳዳው ይጠባል ብሎ ይመልሳል። ሌላው ደግሞ በቀዳዳው ዙሪያ የተሰለፉትን የብረቱን ቅንጣቶች በኅሊናው ይሥላል፤ ሙቀት እያንዳንዱን ቅንጣት ከጎረቤቱ ያርቀዋል፤ ቅንጣቶቹም ከተራራቁ በክብ የቆሙበት ሰልፍ የግድ ይረዝማል፤ ሰልፉ ከረዘመ ክቡ ይሰፋል። በየጋራዡ ያለ መካኒክ፣ ጠባብ የብረት ቀለበት ከዘንግ ላይ ለማግባት ሲፈልግ ቀለበቱን በእሳት አሙቆ የሚያገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ልብ ይባል፤ መልሱን ከመስማት በፊት የራሱን ግምት የያዘ ሰው፣ ማብራሪያውን የሚሰማው ክርክሩ የራሱ እንደ ሆነ ሰው ነው፤ ግምት ያልያዘው ግን እንደ ሬዲዮ ወሬ ያደምጠዋል።

ይህ የአንድ መምህር ገጠመኝ ብቻ እንዳይባል፣ ከኋላው የተከተለውን ምስክርነት በአጭሩ ማንሣት ያስፈልጋል። ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ62 ኮርሶች የ6,542 ተማሪዎችን ውጤት ሰብስበው ሲያመዛዝኑ፣ በንግግር ብቻ የተማሩት ሊያገኙት ይችሉ ከነበረው ዕድገት ከመቶ 23 ያህሉን፣ በክርክርና በሥራ የተማሩት ግን 48 ያህሉን አግኝተው ተገኙ። ስኮት ፍሪማንና ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የ225 ጥናቶችን ፍሬ ሲመረምሩ፣ ንግግር ብቻ በሚሰጥባቸው ክፍሎች የወዳቂው ቊጥር ከመቶ 34 ያህል ሲሆን በሌሎቹ 22 ያህል ሆነ። ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው፣ በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ጥናት ነው። ለአንድ ሳምንት አንዱን ክፍል ልምድ ያላቸውና የተመሰገኑ መምህር በንግግር ሲያስተምሩ፣ ተመሳሳዩን ክፍል ደግሞ የማስተማር ልምድ የሌላቸው ነገር ግን በዚህ ሥርዓት የሠለጠኑ ወጣት ተመራማሪ በጥያቄ አስተማሩ፤ በፈተናው የመጀመሪያዎቹ ከመቶ 41፣ ሁለተኛዎቹ ከመቶ 74 አመጡ። ከጥናቱ ባለቤቶች አንዱ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን ነበሩ።

ወደ አገራችን አዳራሽ እንመለስ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሰማንያ ወይም መቶ የሚሆኑ ተማሪዎች ቀድሞ በመጣ ተርታ ተቀምጠዋል፤ ከፊት ያሉት ደብተራቸውን ገልጠዋል፤ ከኋላ ያሉት ወደ ስልካቸው አጐንብሰዋል። መምህሩ ስላይዱን ይከፍታል፤ ስላይዱም በግቢው በር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ከተገዛው ሀንድአውት ጋር ቃል በቃል አንድ ነው፤ መብራት የጠፋ እንደ ሆነም መምህሩ ከዚያው ወረቀት ያነባል። ከእያንዳንዱ ርእስ በኋላ፣ ግልጽ ነው? ጥያቄ ያለው? ይላል። ዝምታ ይሆናል። ዝምታውም እንደ መረዳት ተቈጥሮ ትምህርቱ ወደሚቀጥለው ርእስ ያልፋል። ፈተና ሲደርስ ተማሪዎች ችከላ የሚሉት የሌሊት ድካም ይጀመራል፤ ከፈተናው በኋላም ሀንድአውቱ ለታናናሾቹ ይተላለፋል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያጠፋ ሰው የለም፤ መምህሩ ሰዓቱን አክብሯል፣ ተማሪው ተገኝቷል፣ ኮርሱም አልቋል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከዚያም በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመሠረት፣ ተማሪው ጥቂት ነበርና መምህሩ ደቀ መዝሙሩን በስሙ ማወቅ ይችል ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ እንኳ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ይህ መስፋፋት ለብዙ ሺህ የገበሬ ልጅ በር የከፈተ ነገር ነውና በበኩሌ ከሚያማርሩት ወገን አይደለሁም። ሆኖም በሩ የሰፋውን ያህል በውስጡ ያለው ሥራ አልታሰበበትም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ፤ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት መስክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥም ያለፉት ከመቶ 40 ያህል ሆኑ። ከዚህ የተነሣ ስለ ፈተና ብዙ ተባለ። በአዳራሹ ውስጥ በሚያልፈው ሃምሳ ደቂቃ ተማሪው ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በታች ተቀብሮ ቀረ።

አልተሞከረም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የመምህራን የሀየር ዲፕሎማ ሥልጠና፣ አሳታፊ የማስተማር ዘዴና ተከታታይ ምዘና የሚሉትን ሐሳቦች ወደየዩኒቨርሲቲው አስገብቷል፤ ብዙ መምህራንም ከዚያ ተጠቅመዋል። ቈይቶ ደግሞ አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት መጣ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከማዙር ሥርዓት ጋር ወንድማማች ይመስላል፤ ተማሪን ከተማሪ ያገናኛልና። በተግባር የሆነውን ግን የዘመኑ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። የቡድን ሥራ ይታዘዛል፤ ከአምስቱ ጐበዙ ሌሊቱን ቊጭ ብሎ ይሠራዋል፤ የቀሩት አራቱ ስማቸውንና የመታወቂያ ቊጥራቸውን ከሽፋኑ ላይ ያስጽፋሉ፤ ማርኩ ለአምስቱም እኩል ይታደላል። መምህሩም መቶ ወረቀት ከማረም ሃያ ማረም ስለሚቀለው አይጠላውም። ተማሪዎቹን በአንድነት ማስቀመጥ የሥርዓቱ ቅርፊት ሲሆን ፍሬው የሚያከራክር ጥያቄ ነው፤ እኛ ቅርፊቱን ወስደን ፍሬውን ትተነዋል። የኢንፍሌሽንን ትርጉም ጻፉ የሚል ጥያቄ አምስት ሰው ቀርቶ ሁለት ሰው አያከራክርም፤ አንዱ ይገለብጣል፣ ሌላው ይፈርማል። የጤፍ ዋጋ ብቻ ጨምሮ የሌላው ዕቃ ዋጋ ባለበት ቢቆይ ይህ ኢንፍሌሽን ይባላል ወይስ አይባልም ቢባል ግን፣ አዳራሹ ለሁለት ይከፈላል።

ለክርክርና ለእርማት ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ፣ በጎጃም የቅኔ ጉባኤያት ያደገ ሰው ነገሩን ከልጅነቱ ያውቀዋል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ ደቀ መዝሙሩ ግሱንና አገባቡን ከያዘ በኋላ፣ ገና ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በየቀኑ የራሱን ቅኔ እንዲቈጥር ይገደዳል። ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ወጥቶ፣ ደበሎውን ተከናንቦ፣ ብቻውን ሲያሰላስል ይውላል፤ ይህ ቈጠራ ነው። ሲመለስ ደግሞ ያሰበውን በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ይናገራል፤ ይህም ነገራ ይባላል። መምህሩ ዐይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ከዚያም ቤቱ አልመታም፣ ሰሙ ከወርቁ አልተስማማም፣ ይህ ግስ እዚህ አይገባም እያለ ያርመዋል፤ ጓደኞቹም ከብቦ እንደ ተቀመጠ ጉባኤ ስሕተቱንም እርማቱንም ይሰማሉ። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ስለ ሆነ፣ ሸምድዶ ማምለጥ የሚባል ነገር የለም። ከሚበዝኁ ወደ ዋዜማ፣ ከዚያም እስከ መወድስ የሚያደርሰው መሰላል የተሠራው በዚህ ዕለታዊ ሙከራና ዕለታዊ እርማት ነው።

ይህን ስል የጥንቱን ትምህርት ሁሉ እንከን የሌለበት አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። ንባብ ቤቱና ዜማ ቤቱ በአብዛኛው በቃል ጥናትና በአርጩሜ የተያዙ ነበሩ፤ በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤም ቢሆን አንዱ ያነባል፣ መምህሩ ይተረጉማል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ይህም ከዛሬው አዳራሽ እጅግ አይርቅም። ሴቶች ደግሞ፣ በጎጃም ታላቅ የቅኔ መምህርት የነበሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን የመሰሉ ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር፣ ከደጁ አልፈው አልገቡም። የቅኔ ቤቱም ሥርዓት የቆመው መምህሩ እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻው በመስማቱ ስለ ሆነ፣ መቶ ተማሪ ላለው የዩኒቨርሲቲ መምህር እንዳለ ሊሰጠው አይችልም። የማዙር ብልሃት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ መምህሩ መቶውን ለመስማት ባይችል፣ መቶው እርስ በርሱ እንዲሰማማ ያደርጋልና። አስነጋሪውን ያበዛዋል ማለት ይቻላል። የእርማቱ ጥራት ግን ከቅኔ መምህሩ እርማት የሚያንስ መሆኑ አይካድም፤ ሁለት የተሳሳቱ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው በስሕተት ሊጽናኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከክርክሩ በኋላ የመምህሩ ማብራሪያ ግዴታ ሆኖ ይቀራል።

በእኛ ዘንድ ይህ ሥርዓት ሌላም አንድ በረከት ይጨምራል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ግን በሐሳቡ የሚመላለሰው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በሶማሊኛ ነው። በጉባኤ መካከል ተነሥቶ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ለብዙው ተማሪ ከነገሩ ክብደት ይልቅ የቋንቋው እፍረት ስለሚያስፈራው፣ ጥያቄ ያለው በሚባልበት ጊዜ የሚሰማው ዝምታ ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል። ሁለቱን ደቂቃ ከጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር ግን የሚያፍርበት ሰው የለም፤ ቃሉን ከሚማርበት ቋንቋ ወደሚያስብበት ቋንቋ እያመላለሰ፣ ፎርስ የተባለውን ነገር ከሚገፋውና ከሚጐትተው ኑሮው ጋር ያገናኘዋል። አንዳንድ መምህራን በክፍል ውስጥ ከእንግሊዝኛ ውጭ መነጋገርን ይከለክላሉ፤ ደንብ ለማክበር ብለው ከሆነ ደንቡ ለመምህሩ ንግግር እንጂ ለተማሪው አእምሮ የወጣ አይደለም።

መሣሪያ የለንም የሚለው ምክንያት ብዙ አያስኬድም። ማዙር ራሳቸው ኤሌክትሮኒክ መልስ መስጫ ከመምጣቱ በፊት በእጅ ማውጣት ሲሠሩበት ኖረዋል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት የካርቶን ቊራጮች ለእያንዳንዱ ተማሪ ይበቁታል። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሉዊ ደሎሪየና ጓደኞቻቸው በዚያው በሐርቫርድ ባደረጉት ጥናት፣ በጥያቄና በሥራ የተማሩት ተማሪዎች በፈተና ከሌሎቹ በልጠው ሲገኙ፣ ምን ያህል እንደ ተማሩ ሲጠየቁ ግን በንግግር ከተማሩት ያነሰ ተምረናል ብለው መለሱ። መድከማቸውን አለማወቅ መስሏቸዋል፤ ጣፋጭ ንግግር የሰማው ደግሞ የንግግሩን መፍሰስ የራሱ ዕውቀት አድርጎ ቈጥሮታል። እንግዲህ በተማሪዎች ምዘና ነጥብ የሚመዘን መምህር፣ ተማሪዎቹን ባሠራቸው መጠን ነጥቡ ሊቀንስበት ይችላል ማለት ነው። ያው ጥናት መድኃኒቱንም አሳይቷል፤ ይህ ስሜት የሚያሳስት መሆኑ በመንፈቁ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ሲነገራቸው፣ የብዙዎቹ አስተያየት ከጊዜ በኋላ ተለውጧል።

ሁለተኛው ችግር የጥያቄው ድካም ነው። አዳራሽን ለሁለት የሚከፍል አንድ ጥያቄ ማውጣት አንድ ስላይድ ከመሥራት ይልቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ የተማሪውን ስሕተት አስቀድሞ ማወቅን ይጠይቃልና። በዚህ በኩል ግን አገራችን ሌሎች የሚመኙት አንድ ነገር አላት። የመጀመሪያው ዓመት ኮርሶች በየዩኒቨርሲቲው ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፤ ጄኔራል ፊዚክስን፣ ሎጂክን፣ ጂኦግራፊን የሚያስተምረው የአርባ ምንጩ መምህር ከመቀሌውና ከጅማው ጋር አንድ ሞጁል ይዟል። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል በየመንፈቁ አሥር ደኅና ጥያቄ ቢያወጣ፣ ከእያንዳንዱም ጋር ከክርክሩ በፊት ስንቱ፣ ከክርክሩ በኋላስ ስንቱ እንደ መለሰው፣ ብዙዎቹን ያሳታቸውም የትኛው ምርጫ እንደ ሆነ ጽፎ ለሌሎቹ ቢልክ፣ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጀማሪ መምህር በመጀመሪያው ቀን ወደ ክፍል ሲገባ፣ ከእርሱ በፊት በአርባ ስፍራ የታዩትን የተማሪ ስሕተቶች በእጁ ይዞ ሊገባ ይችል ነበር። ለዚህ ሥራ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ በየትምህርት ክፍሉ ስብሰባ አጀንዳ ላይ፣ ከፈተና ፕሮግራምና ከማርክ ማስረከቢያ ቀን በፊት፣ አንድ ርእስ መጨመር ይበቃዋል።